አምስተኛው ባትሪ

ከአሰላ የወጣሁት በሰኔ መጨረሻ፣ ገና ሳይነጋጋ ነው። ታሪኩ ግን ከዚያ አይጀምርም። የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው፤ ለማንም ሳልናገር የቆየሁትም እሱን ነው። ናይሮቢ እንዴት ነው፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ሥራ አለ ወይ እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን በዚያ ምሽት ግቢያችን ውስጥ ያደረግሁትን ልጻፍ። እሱን ዘልዬ እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ ሁሉ ግማሽ ነበር።

መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ፣ ወንድሜ ገመቹና ሚስቱ ሀዊ እራት አቅርበው እየጠበቁኝ ነው።

«ናኦል! ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ!» ትላለች እማዬ።

«መጣሁ፣ ሻንጣ እያሰርኩ ነው» እላለሁ።

ሻንጣዬ ከቀትር ጀምሮ ታስሮ አልጋ ላይ ነው። እኔ ያለሁት ግቢ ውስጥ፣ የገመቹ ባጃጅ ጎን ተንበርክኬ፣ ስልኬን ለመብራት በጥርሴ ይዤ፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ በእጄ ይዤ ነው።

ባጃጁ የኤሌክትሪክ ነው። ገመቹ ከዚያ በፊት ለዓመታት የቤንዚን ባጃጅ ሲነዳ ኖሯል። «ከሚስቴ ጋር ካሳለፍኩት ጊዜ ማደያ ሰልፍ ላይ ያሳለፍኩት ይበልጣል» ይል ነበር፤ ሀዊም «እዚያው ለምን አላገባህም?» ትለዋለች። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጡት ላይ ይገዛል፤ እነሱ ደግሞ ጋዝ ቀላቅለው ሞተሩን ያስነጥሱታል። በመጨረሻ አሮጌውን ሸጦ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹም ተበድሮ ይሄን የኤሌክትሪኩን አመጣው። ድምፅ ስለሌለው የሰፈር ሰው «ድመት» ብሎ ስም አወጣለት። አንድ ቀን ከገበያ የሚመለሱ አሮጊት ከኋላቸው ድንገት ሲደርስባቸው ዘንቢላቸውን ጥለው፣ «አንተ! ጡሩንባ ንፋ እንጂ! እንደ ሌባ ነው እንዴ የምትመጣው?» ብለው በዣንጥላ መቱት። ወርዶ ሽንኩርታቸውን እየለቀመ፣ «እማማ፣ ሌባ ቢሆን ይወስዳል እንጂ ይለቅማል?» አላቸው። በነፃ ቤታቸው አደረሳቸው። እንደዚህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን ትንሽ ስለ ባትሪ ማወቅ አለባችሁ፤ አላበዛም። ከመቀመጫው ሥር አምስት ባትሪ ተደርድሯል። ሞተሩ ከአምስቱም ይበላል። የፊትና የኋላ መብራቱ ግን ኮንቨርተር በምትባል ትንሽ ሳጥን በኩል ነበር የሚሠራው፤ እሷ ተቃጠለች፣ መለዋወጫ ደግሞ የለም። የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን ምን አደረገ? ከአምስተኛው ባትሪ፣ በበሩ በኩል ከምትገኘው፣ በቀጥታ ሁለት ሽቦ ስቦ መብራቱን አገናኘው። «እስኪገኝ ድረስ» አለ። በእኛ አገር እስኪገኝ ድረስ ተብሎ የተሠራ ሁሉ ዕድሜ ልክ ነው።

እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ መናኸሪያው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስልክ ቻርጅ አደርግ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰው ስልኩን ይዞልኝ ይመጣል፤ በአንድ የመኪና ባትሪ አሥራ አምስት፣ ሃያ ስልክ እሞላለሁ። ያቺ ባትሪዬ ግን አርጅታ ነበር። ልሄድ ስል ለእማዬ የምተወው ነገር ፈለግሁ። ሁልጊዜ ማታ መጽሐፍ ቅዱሷን ሳታነብ አትተኛም፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ ስታነብ ዓይኗ ያለቅሳል። አልጋዋ ሥር ባትሪ አስቀምጬ፣ አምፖል ሰቅዬላት፣ ስልኳንም የምትሞላበት ሠርቼላት ልሂድ አልኩ። ያረጀችውን ትቼላት ብሄድ ደግሞ በሳምንቷ ጨለማ ነው።

ስለዚህ አምስተኛውን የገመቹን ባትሪ ፈትቼ አወጣሁ። የኔን አሮጌ በቦታው አስገባሁ። በቴስተር ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ቮልት ይላል። መብራቱን ሞከርኩት፤ በራ። ናይሮቢ ደርሼ ሥራ ስይዝ አዲስ እገዛለታለሁ፣ እስከዚያ ምን ይሆናል ብዬ እጄን ታጥቤ እራት ገባሁ።

ለምን አልጠየቅሁትም? ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር? እንጀራው ስለሆነ እምቢ ይለኝ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ የፈራሁት እምቢ እንዳይለኝ ነበር። አሁን የማስበው «ውሰድ» ቢለኝ ኖሮስ ነው፤ መውሰዴን አውቆ ቢሆን ኖሮ ማታ ማታ ባልነዳ።

ጠዋት በዚያው ባጃጅ መናኸሪያ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጉም ነበር። መብራቱ ፊታችን ላይ ያለውን ጉም ቢጫ አድርጎታል፤ እኔ እሱን እሱን አያለሁ፣ ይደክም እንደሆነ ብዬ። አልደከመም። እማዬ ጩኮ ቋጥራልኝ ነበር፤ ለማታውቁት፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የሚታሽ ስንቅ ነው፤ አርሲ ውስጥ ያለ እሱ መንገደኛ አይሸኝም። ገመቹ የሻሸመኔው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ከኪሱ የራሱን ቴስተር አውጥቶ ሰጠኝ።

«ያገሩ ሰው ሁሉ ሲዋሽህ ይሄ አይዋሽህም» አለኝ።

ተቃቀፍን። ጃኬቱ የሳሙና ሽታ ነበረው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከሻሸመኔ በኋላ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እስከ ሞያሌ ድረስ ደህና ነው፤ የሚደክመው ከድንበሩ ወዲያ ነው። ፓስፖርት ነበረኝ፣ ማህተምም አስመትቻለሁ፤ ግን አውቶቡሱን ስንት ቦታ እንዳስቆሙት መቁጠር ትቼ ነበር። በየኬላው ፖሊስ ገብቶ ፊታችንን አይቶ እኛን ብቻ ያስወርዳል። አንዱ ቦርሳዬን ከፍቶ ጩኮውን አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ምግብ ነው ጌታዬ። ገብስ።»

«ገብስ ለምን እንዲህ ይሸታል?»

«ቅቤ ስላለበት።»

ቆንጥሮ ቀመሰ። ደግሞ ቆነጠረ። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም ቀመሰ። ከዚያ ፓስፖርቴን ገልጦ፣ «ማህተምህ ደብዝዟል» አለ።

«የመታው የእናንተው ሰው ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው የማላምነው» አለኝ። «ኪቱ ኪዶጎ የለህም?» ትንሽ ነገር ማለት ነው፤ ስዋሂሊ ሳትማሩ ይህችን ትማራላችሁ። የጩኮውን ግማሽ ወሰዱና ማህተሙ ደመቀላቸው። እናቴ ሁለት ሌሊት ያሸችውን ጩኮ ኬላ ላይ ቆመው ሲበሉት ሳይ ለምን እንደሆነ ሳቄ መጣ። ማልቀስም ፈልጌ ነበር።

ናይሮቢ ሞቃት ነው ያላችሁኝ ሁሉ ዋሽታችኋል። ሐምሌ ላይ የአሰላን ያህል ይበርዳል፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም በርዶኛል አይልም። ኢስሊ የሚባለው ሰፈር የኛ ሰው ይበዛበታል፤ አማርኛና ኦሮምኛ እየሰማችሁ ልትውሉ ትችላላችሁ። ምግባቸው ኡጋሊ ነው። ገንፎ በሉት፤ ግን መሃሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የሌለው፣ ከቅጠል ጋር የሚበላ ገንፎ። ጨው እንኳ የለውም። መጀመሪያ ቀን ሳየው ያልጨረሱት መስሎኝ ጠበቅሁ።

ቤት ስከራይ የሕንፃው ጠባቂ፣ እነሱ ኬርቴከር ይሉታል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ምርመራ አደረገልኝ።

«ምን ትሠራለህ?»

«ባትሪ እሞላለሁ።»

ተነስቶ ቆመ። «እዚህ ቤት ውስጥ?»

«አይደለም፣ ጣቢያ አለ። የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው።»

«ቶከኑ የጋራ ነው» አለኝ፤ ቶከን ማለት ቀድሞ የሚከፈልበት የመብራት ካርድ ነው። «ማታ ደብቀህ እያመጣህ በኔ መብራት እንዳትሞላ።»

«ሠላሳ ኪሎ ይመዝናል፤ የት ልደብቀው?»

«እናንተን አውቃችኋለሁ» አለ። «ካንተ በፊት የነበረው ኢትዮጵያዊ ለበዓል ብሎ በግ ሦስተኛ ፎቅ አስወጥቶ አሳድሯል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሬዲዮ ድራማ ነው አለኝ።»

ለገመቹ በስልክ ስነግረው በሳቅ ሞተ። «በጉ ኪራይ ከፈለ ወይ?» አለኝ።

ሥራውን ያገኘሁት በገመቹ ቴስተር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሰው የሚያመላልሱ ሞተረኞች ቦዳ ቦዳ ይባላሉ፤ ከነሱ ብዙዎቹ አሁን በኤሌክትሪክ ናቸው። ባትሪያቸውን ቆመው አይሞሉም። ባዶውን ጣቢያ አምጥተው ያስረክባሉ፣ የሞላ ይወስዳሉ፣ በሦስት ደቂቃ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁ። ገመቹ ይሄን ቢያይ አልኩ። እኛ ቤት ባጃጁ ስምንት ሰዓት ይሞላል፤ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ሥራ የለም። ወደ ላይኛው ሰፈር ሲወጣ ደግሞ ዳገቱ ባትሪውን ይበላዋል። የጣቢያው ኃላፊ ዋንጂሩ የምትባል ሴት ናት፤ በእጄ ያለውን ቴስተር አይታ፣ «ትችላለህ?» አለችኝ። «እችላለሁ» አልኩ።

አልችልም ነበር። ያንን ያወቅሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው።

አንድ ባትሪ ለካሁና ደህና ነው ብዬ ወደ መደርደሪያው ልመልስ ስል ዋንጂሩ እጄን ያዘችው። «ሳይሠራ ከለካኸው የትኛውም ባትሪ ጤነኛ ነው» አለችኝ። ከባድ አምፖል አገናኘችበትና «አሁን ለካ» አለች። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ አምፖሉም ደበዘዘ። ቀይ ፕላስተር ለጠፈችበትና፣ «የደከመ ባትሪ ለሰው ከሰጠህ ንገረው» አለችኝ። «ካልነገርከው የሞላ መስሎት መንገድ መሃል ይቀራል። ሲጨልምበት አንተ የለህም።»

የኔም አሮጌ አሥራ ሁለት ነበር ያለው። ቆሞ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ገመቹ ደወለልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ጣቢያው ስነግረው ከኔ ይልቅ እሱ ተደሰተ። «አሰላም አንድ ቀን ይመጣል፤ አንተ ተምረህ ና፣ እኛ እንከፍተዋለን» አለኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «የድመቷ መብራት ሰሞኑን ደከም ብሏል። ስወጣ ደህና ነው፣ ስቆይ ይደበዝዛል። ምን ይሆን?» አለ።

እዚህ ላይ ነው።

ባትሪው ነው፣ እኔ ቀይሬዋለሁ፣ ከእማዬ አልጋ ሥር ያለውን መልሰህ አስገባ። ይህን ማለት ነበረብኝ። አንድ ትንፋሽ ነው። አሁን ደግሜ ደጋግሜ እለዋለሁ፣ ባትሪ ስደረድር፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ፣ ኡጋሊ ስበላ። ያኔ ግን ስለ ጣቢያው እንዲያ እየኮራብኝ ሳለ ሌብነቴን መናገር አፈርኩ።

«ሽቦው ይሆናል» አልኩት። «ጫፉን ፋቀው።»

«እሺ፣ ሐሙስ እፍቀዋለሁ» አለኝ።

ሐሙስ አልደረሰም። ማክሰኞ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ጎንዴ አድርሶ ወደ አሰላ ሲመለስ፣ ጉም ውስጥ፣ ከኋላው ገብስ የጫነ መኪና መታው። ሹፌሩ ሁሴን ይባላል፣ የአቦምሳ ሰው ነው። አልሸሸም። ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰው። አልተረፈም።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በሬ ሲንኳኳ ኬርቴከሩ ስለ ቶከን የመጣ መስሎኝ እየተነጫነጭኩ ከፈትኩ። አራት የአገሬ ሰዎች፣ አንዱ የምንጸልይበት ቤት ወንጌላዊ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ቆመዋል። ማንም ቃል ሳይናገር አወቅሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀን ነው ወይስ ማታ?» አልኩ። ጥያቄው ሳይገባቸው ተያዩ። «ማታ» አለ አንዱ።

ቀን ቢሆን ኖሮ እኔ አልነበርኩበትም።

ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተቀመጠ። ኬርቴከሩ ወደ ላይ እየጮኸ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ ክልክል ነው ሊል። በሩ ላይ ሲደርስ የተቀመጠውን ሰው አየ። ተመልሶ ወርዶ ስድስት የፕላስቲክ ወንበር በራሱ ጭንቅላት ላይ ደርቦ አመጣና «ፖሌ ሳና» ብሎኝ ሄደ። አዝናለሁ ማለት ነው። የዚያን ወር የመብራት ድርሻዬን አልጠየቀኝም።

ለቀብር አልደረስኩም። በሦስተኛው ቀን እማዬን በስልክ አገኘኋት። ድምፅዋ አልቋል። ስታለቅስ ቆይታ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «መብራት ጠፍቶ ነበር። ድንኳኑን ሦስቱንም ሌሊት ያበራው ያንተ ባትሪ ነው። ተባረክ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ። አፌ አሜን አለ።

ሥራ ተመለስኩ። ሞተረኞቹ ሲደርሱ «ንዱጉ፣ የሞላ ስጠኝ!» ይላሉ። ንዱጉ ወንድሜ ማለት ነው፤ ማንንም ሰው የሚጠሩበት ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሉኝ አትጠይቁኝ። እያንዳንዱን ባትሪ ከባድ አምፖል አገናኝቼ እለካለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ይሰድቡኛል። ዋንጂሩ አንድ ቀን «ሁሉንም መለካት የለብህም እኮ» አለችኝ። «አለብኝ» አልኳት። ለምን ሳትል ተወችኝ።

አሁን ወደ ሁሴን ልመለስ። ታስሯል። ፍርድ ቤቱ የራሱ ነው፤ በእኛ አገር ግን ሰው ሲሞት ፍርድ ቤት ብቻውን ደሙን አያደርቀውም። ጉማ አለ። የገዳይ ወገን በሽማግሌ በኩል መጥቶ፣ በዳይ ጥፋቱን ሳይሸራርፍ አምኖ፣ የሟች ቤተሰብ ቃል ሰጥቶ ሲታረቁ ነው ደሙ የሚደርቀው። ያለዚያ የሁለቱ ቤት ልጆች ገበያ ላይ እንኳ መተያየት አይችሉም። ሁሴን ለተላኩት ሽማግሌዎች «ሰው በእጄ ጠፍቷል፣ ካሳውንም እርቁንም እቀበላለሁ። ግን መብራት አልነበረውም። ስላልነበረው አልነበረውም ነው የምለው፤ አልዋሽም» ብሏቸዋል።

እማዬ ይህን ስትሰማ ተቃጠለች። «ልጄ መብራት ሳያበራ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም! ሟች አይናገርም ብሎ ነው!» አለች። ሀዊም ያንኑ አለች። ቤተ ክርስቲያናችን ይቅር በሉ ብትልም፣ «ይቅር የምለው እውነቱን ሲናገር ነው» ብላ እማዬ ዘጋች። ሰፈሩ በሙሉ ሁሴንን ውሸታም አለው። አንድ የቀረ ቃል የኔ ነበር፤ የሟች ወንድም እኔ ብቻ ነኝ።

መስከረም ላይ አንድ አመሻሽ ተደወለልኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ አባታችንን ያውቁ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ኢልመ ኮ፣ ድምፄ ይሰማሃል?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ይሰማኛል አባባ። እንደምን ዋሉ?»

«ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርገነዋል። እናትህ አለች፣ ሀዊም አለች። የሁሴን ወገኖች ከአጥር ውጭ ዝናብ ላይ ቆመዋል፤ እስክንጠራቸው አይገቡም። እናትህ ውሸቱን ትቶ ይምጣ ብላለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

ስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮአችን ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ያንን ድምፅ ከየትም አውቀዋለሁ። ውጭ የቆሙትን ሰዎች አሰብኩ፤ የማላውቃቸው ሰዎች፣ እውነት በተናገረ ልጃቸው አፍረው የቆሙ።

«አይዋሽም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሁሴን አይዋሽም አባባ። መብራት አልነበረውም።»

«አንተ ናይሮቢ ሆነህ በምን አወቅህ?» ይህ የሀዊ ድምፅ ነው።

ነገርኳቸው። እራት ሲጠብቁኝ የት እንደነበርኩ፣ አሥር ቁጥሩን ቁልፍ፣ አሮጌዋን ባትሪ። እሑዱንም ነገርኳቸው፤ ጠየቀኝ፣ አውቄ ሽቦው ነው አልኩት አልኳቸው። ስናገር እየተንተባተብኩ ነበር፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሳልለው አልቀረሁም።

ስጨርስ ሀዊ፣ «የትኛው ባትሪ ነው የሱ?» አለች። በቀስታ ነው ያለችው።

«እማዬ አልጋ ሥር ያለው።»

የእግር ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ብዙ ሰው በአንዴ «ኧረ መብራቱ!» አለ። ሽቦውን ነቅላዋለች። ኦቦ ቱፋ በጨለማ ውስጥ «ሻማ አምጡ ልጆች» ሲሉ ይሰማኛል። የእማዬን ድምፅ ጠበቅሁ። የለም።

«አባባ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔም በጉማው ልግባ።»

«ልጄ፣ ዛሬ ለሁሴን በር ከፈትክለት፤ እግዜር ይይልህ። ያንተ ግን በስልክ አይሆንም። የበደለ ሰው መጥቶ በእግሩ ይቆማል፣ የተበደለ ፊቱን ያያል። አንተ ስትመጣ ነው» አሉኝ።

ከሁሴን ወገን ጋር ታርቀዋል። አብረው በልተዋል። እማዬ ራሷ ሁሴንን ከእስር ለማስፈታት ይረዳል የተባለውን ወረቀት እንደፈረመች ሰማሁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅዋን አላገኘሁም። በየእሑዱ እደውላለሁ፤ የምታነሳው ሀዊ ናት። «ደህና ናቸው» ትለኛለች። ናት አትለኝም፣ ናቸው ትለኛለች፤ እንደ እንግዳ። ከዚያ በላይ አትጨምርም፣ ግን ስልኩን ሳታነሳ ቀርታ አታውቅም። ለሷ ያለብኝን እንዴት ብዬ እንደምጽፍ ስለማላውቅ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ለምን አትሄድም ትሉኛላችሁ። የቪዛዬ ጊዜ አልፏል፤ ከወጣሁ መመለስ የለም፣ ሥራውም ያልቃል። ይህ እውነት ነው። ደግሞ ግማሹ ሰበብ ነው። እማዬ ፊት በእግሬ መቆም ነው ያቃተኝ። ለመምጣት የምታስቡ፣ ስለ ኬላው እና ስለ ኪራዩ የነገርኳችሁን ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ግቢያችሁን ዙሩ። የወሰዳችሁት ነገር ካለ ለባለቤቱ ንገሩት፤ ከዚህ መንገር ይከብዳል።

ያለፈው እሑድ ደወልኩ። ሀዊ አነሳች። መብራት እንደጠፋ ነገረችኝ፣ በሻማ እንደሆኑ። ባትሪውስ አልኳት፣ መጠየቅ የሚገባኝ እንደሆነ ሳላውቅ።

«በረንዳ ላይ ነው» አለችኝ። «ማንም አልነካውም። አልተሸጠም።»

ከበስተኋላ አንድ ሰው አጉተመተመ። ሀዊ አፏን ከስልኩ አራቀች። «ናኦል ነው» ስትል ሰማሁ። ከዚያ የእማዬ ድምፅ መጣ፤ ለኔ አይደለም፣ ለሀዊ ነው። «ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበላሻል ወይ በይው።»

ሀዊ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ሠራተኛ መለስኩ፣ ሌላ አፍ አልነበረኝም። «አዎ፣ ይበላሻል። በየወሩ መሞላት አለበት። ክዳኖቹን ከፍቶ ውሃው ከጎደለ መጨመር ነው፣ የቧንቧ ሳይሆን የባትሪ ውሃ። እኔ እዚያ ብሆን…» ብዬ ቆምኩ።

ሀዊ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሻማው ሲንጣጣ ይሰማኛል መሰለኝ፣ ወይም መስመሩ ነው።

«እኔ ክዳን አልከፍትም» አለች እማዬ። «ራሱ መጥቶ ይክፈተው በይው።»